አንዴ ብቻ የምትጠይቅ ሴትዮ

አከራይዋ አዴ ድንቅቱ በሩን ሁለቴ አንኳኩተው መልስ ሳይጠብቁ ገቡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በእጃቸው ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ይዘዋል።

«ተነሺ ልጄ፣ ሥራ አግኝቼልሻለሁ።»

ፀደንያ ከወንበሯ ተነሣች። ታላቅ ሰው ሲገባ መነሣት ልማዷ ሆኖ ነው እንጂ የተባለው ገብቷት አልነበረም።

«የምን ሥራ ነው አዴ?»

«የዱቄት ፋብሪካ። የእኅቴ ልጅ ዳዲ እዚያ ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። የሚገባ የሚወጣውን ጆንያ የሚመዘግብ የተማረ ሰው ይፈልጋሉ አለኝ። በይ ስምሽን ጻፊበት። ለጊዜው ተዘግቷል፤ ይሄ ግርግር ሲበርድ ይከፈታል።»

«እኔ እኮ ሥራ አለኝ።»

አዴ ድንቅቱ ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ በመጋረጃ የተከለለ ማብሰያ። ሥራ የሚባል ነገር አልታያቸውም።

«የቱ ነው?»

ፀደንያ ጠረጴዛው ላይ ወደተከፈተው ላፕቶፕ አመለከተች።

«ይሄማ ፊልም ማያሽ ነው! ሦስት ቀን ሙሉ በመስኮት ሳይሽ እጅሽን አጣምረሽ ታፈጪበታለሽ፣ በረጅሙ ትተነፍሻለሽ፣ ደግሞ ታፈጪበታለሽ። ከሥራ የተባረረ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። ባለቤቴ ኦቦ ቀጄላማ ኪራዩን አጎቷ ነው ከአዲስ አበባ የሚልክላት ይለኛል።»

«አጎት የለኝም አዴ። እኔው ነኝ የምከፍለው። ስኮትላንድ ለምትኖር አንዲት ሴትዮ ነው የምሠራው፤ በኢንተርኔት። ጸሐፊዋ እንደማለት ነው።»

«እዚህ ሰበታ ሆነሽ?»

«እዚህ ሆኜ።»

«አይታሻለች?»

«አላየችኝም።»

«ድምፅሽንስ?»

«በጽሑፍ ነው የምንገናኘው።»

«ስንት ጊዜሽ?»

«ሦስት ዓመት አለፈኝ።»

አዴ ድንቅቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ሦስት ዓመት! ሳታይሽ፣ ሳትሰማሽ! እኔ እኮ ወተት የምሸጥለትን ሰው ፊቱን ካላየሁ አንድ ጣሳ አልሰጥም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩት። «ለማንኛውም እዚህ ይቀመጥ። ጆንያ ቢያንስ ይታያል።»

ሲወጡ ፀደንያ መሣቅም ማልቀስም አማራት። ሁለቱንም አላደረገችም። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠች። ኢንተርኔት የለም። ትናንትም አልነበረም።

ማክሰኞ ነበር። የዚያች ሴትዮ ቀጠሮ ደግሞ ዓርብ ነው።

ሴትዮዋ ፊዮና ትባላለች። ሥራዋ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰዎችን ሰብስቦ በስኮትላንድ ተራሮች በእግር ማስጎብኘት ነው። ፀደንያ ማረፊያ ታስይዛለች፣ ለደብዳቤ መልስ ትጽፋለች፣ ማን አሣ እንደማይበላ፣ ማን ደረጃ መውጣት እንደማይችል ትመዘግባለች። አገሩን ረግጣው አታውቅም። ቢሆንም የትኛው ማረፊያ ውሻ እንደማያስገባ፣ በየትኛው መንደር እሑድ አውቶቡስ እንደማይመጣ፣ የትኛዋ ባለቤት ቁርስ ላይ እንደምታኮርፍ ጠንቅቃ ታውቃለች። በመጀመሪያው ዓመት ይሄ ሁሉ ያስደስታት ነበር። የእያንዳንዱን መንደር ስም በካርታ ላይ እየፈለገች፣ ስሙን ጮክ ብላ እያነበበች ብቻዋን ትሥቅ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሣቁ አለቀ። የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። ክፍሉ ውስጥ የሻይ ውሃ ማፍያ አለ? አለ፣ ውድ እመቤት። ትራሱ ስንት ነው? ሁለት ነው፣ ውድ እመቤት። ዝናብ ይዘንባል? ስኮትላንድ እኮ ነው፣ ልትል ትፈልግና «አልፎ አልፎ ሊዘንብ ስለሚችል የዝናብ ልብስ መያዝ ይመከራል» ብላ ትጽፋለች። ስለ ውሃ ማፍያው ብቻ ስንት መቶ ጊዜ እንደመለሰች ቆጥራ አታውቅም። ብትቆጥር ኖሮ ሥራውን ያኔ ትታው ነበር።

ይሄንንስ በቻለችው። ያላስቻላት ሌላው ነው። ከባለፈው ዓመት ኅዳር ጀምሮ፣ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው ገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ወሬ ከመጣ ወዲህ፣ ዙሪያው ሁሉ አልረጋም። ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ፤ ነገሩ ግን አልቀረም። አንድ ሰሞን ሱሉልታ ይዘጋል፣ አንድ ሰሞን ቡራዩ፣ ከዚያ ዓለም ገና ላይ መንገዱ በድንጋይ ይሞላና ሚኒባስ የሚባል ይጠፋል። ኔትወርኩ በፈለገው ቀን ይሄዳል፣ በፈለገው ቀን ይመጣል። አንድ ጊዜ ለአሥራ አራት አዛውንቶች «መንገዱ በጭቃ ምክንያት ለሁለት ሰዓት ስለሚዘጋ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል ደብዳቤ ስትጽፍ፣ በመስኮቷ የሚታየው የጅማ መንገድ ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም።

ለፊዮና ግን አንድም ቀን አልነገረቻትም። ባረፈደች ቁጥር ጉንፋን ያዘኝ ትላታለች፣ ወይም መብራት ጠፋ። እውነቱን መጻፍ ስሞታ ማሰማት፣ ደጅ መጥናት መሰላት። ደግሞስ ከየት ተጀምሮ ይነገራል? በዓመት ውስጥ አምስተኛው ጉንፋን ላይ ፊዮና «ሐኪም ታይተሻል?» ብላ ጻፈች። ፀደንያ በኀፍረት ስክሪኑን ከደነችው።

ፊዮና ጭራሽ አትጠይቅም ማለት አይደለም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት የምትልከው መልእክት ምንጊዜም የሚጀምረው «ሰላም ፀደንያ፣ ሳምንቱ እንዴት ነበር?» በሚል ነው። ፀደንያም ምንጊዜም «ደህና ነበር፣ አመሰግናለሁ» ትላለች። ፊዮና በዚያው ወደ ሥራ ዝርዝሩ ትገባለች። እዚያ ላይ ነው ፀደንያ የምትበግነው። እሷ ባደገችበት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ በር ማንኳኳት ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ ለመጀመሪያው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። ጠያቂው ይደግማል፣ ይሠልሳል፣ «ግድ የለም፣ አንተ ደህና ነህ ወይ?» ይላል፤ እውነቱ ያኔ ይወጣል። በአዴ ድንቅቱ ግቢማ ሰላምታው ጭራሽ አያልቅም። አካም ቡልቴ? ነጋ? ፈያ? እየተባለ ሰው፣ ከብቱና ዘመድ ሁሉ በተራ ይጠየቃል። ፊዮና ግን አንዴ ጠይቃ ታልፋለች። ፀደንያም በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰኞ ሁለተኛውን ጥያቄ አላገኘችም።

ባለፈው ዓርብ፣ ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት፣ የመጨረሻው መልእክት ደረሰ። ሰኞ አልነበረምና «እንዴት ነሽ» እንኳ የለበትም። ፊዮና እንዲህ ትላለች፤ ባለፉት ሁለት ወራት ስድስት ጊዜ አርፍደሻል። ከአንድ ደንበኛ ጋር ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ፍላጎት እንደሚቀዘቅዝ እረዳለሁ። ስለዚህ ስድስት ትምህርት ያለው ኮርስ ከፍዬልሻለሁ፤ ተመልከቺው። የሚመጣው ቡድን ስም ዝርዝር ከነክፍላቸው እስከ ዓርብ ይድረሰኝ። እስከዚያው አስቢበትና ለመቀጠል ልብሽ ከሌለ ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ አንቀያየምም።

ኮርሱ በቪዲዮ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት እየተቆራረጠ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ከአበባ ማሰሮ አጠገብ የተቀመጠ ፈገግተኛ ሰውዬ፣ «ወረቀት አውጡና ደንበኛችሁን የምትወዱባቸውን ሦስት ምክንያቶች ጻፉ» ይላል። ፀደንያ ታዛዥ ናትና ወረቀት አወጣች። «አንደኛ፣ አትጮህም» ብላ ጻፈች። «ሁለተኛ፣ በሰዓቱ ትከፍላለች» ብላ ጻፈች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ቀረ። እሑድ በምስጋናው በዓል ላይ የሆነው ሆነ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሰበታ ውስጥ ጭስ ታየ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ድርግም አለ። የስም ዝርዝሩ አልቋል። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች፣ ከነክፍላቸው፣ ከነአሣቸው፣ ላፕቶፑ ውስጥ ተሰድረው ተቀምጠዋል። የሚወጡበት መንገድ ብቻ የለም።

ረቡዕ ጠዋት የወይንሐረግ ጋ ሄደች። የወይንሐረግ ገበያው ጫፍ ላይ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ የምትሠራ ሴት ናት፤ የመደበኛ ስልክ መስመር ያላት በአካባቢው እሷ ብቻ ናት፣ በዚያ መስመር ኢንተርኔቱ ይሠራል ሲባል ፀደንያ ሰምታለች። ቤቱ በቁልፍ ተቆልፏል። ሐሙስ ተመለሰች፤ ያው ቁልፍ። አዲስ አበባ ልግባ ብላ መናኸሪያ ወረደች። አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሾፌሩ ወንበሩን ለጥጦ ተኝቷል።

«ትሄዳለህ?» አለችው።

«የት?»

«አዲስ አበባ።»

«እኔ እንኳ እዚሁ ነኝ» አለ ዓይኑን ሳይከፍት። «አንቺ ከሄድሽ ሰላም በይልኝ።»

ስትመለስ አዴ ድንቅቱን በር ላይ አገኘቻቸው። እንደ ሰሞኑ ሁሉ ባለሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥረው ሊወጡ ነው። ፀደንያ የሆነ ሰፈር ለቅሶ አለ ብላ ገምታለች፤ በዚህ ሰሞን ለቅሶ ያልነበረበት ሰፈር የለም።

«ደህና ነዎት አዴ?»

«ደህና፣ ገለታ ዋቃ። አንቺስ?»

«ደህና።»

ተላለፉ።

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ፀደንያ የመጨረሻ ሙከራዋን አድርጋ፣ የስልኳን ኔትወርክ አጥፍታ አብርታ፣ ጣራው ሥር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ዞራ፣ በመጨረሻ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት። ሌላ ሰው ትፈልጋለች፣ ያውም ሳትቀየም። እናቷ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን «አላልኩሽም? ቤት ተቀምጦ ሥራ!» ትላለች። ከዚያ ወደ እናቷ ቤት፣ ከእህቷ ጋር ወደምትጋራው አልጋ።

አዴ ድንቅቱ ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዘው ከውጭ ገቡ።

«ምነው ልጄ?»

«ደህና ነኝ አዴ።»

«ደህና ነሽ?»

«ደህና።»

ምሳ ዕቃውን መሬት አስቀምጠው ከጎኗ ቁጭ አሉ። «ነጋ? ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ናቸው።»

«ያቺስ ፈረንጅሽ? ደህና ናት?»

ፀደንያ አፏን ከፈተች። ደህና ናት ልትል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። ስድስቱ ማርፈድ፣ አምስቱ ጉንፋን፣ የአበባ ማሰሮው ሰውዬ፣ አሥራ ዘጠኙ ስም፣ የዛሬው ዓርብ፣ ሁሉም ባንዴ ወጣ። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ለራሷም ገረማት።

አዴ ድንቅቱ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣ «ስልክ የላትም?» አሉ።

«አላት።»

«ቁጥሩ ጠፋሽ?»

አልጠፋትም። በጻፈችው ደብዳቤ ሁሉ ግርጌ «ለተጨማሪ ጥያቄ በዚህ ቁጥር ይደውሉ» እያለች ሦስት ዓመት ጽፋዋለች፤ ከእናቷ ቁጥር ይልቅ እሱን በቃሏ ታውቀዋለች።

«ታዲያ ደውይላታ!»

«አዴ፣ በአፍ አውርተን አናውቅም እኮ። እንግሊዝኛዬ በጽሑፍ ነው። አነጋገሬ ደግሞ...»

«አነጋገርሽ ምን ሆነ? አሁን ለእኔ ስትለፈልፊ አልነበር እንዴ! ከዳኞች ፊት የቆምሽ አስመሰልሽው።» ከደረታቸው ሥር ትንሽ ቦርሳ አውጥተው ሁለት የሞባይል ካርድ ዘረጉላት። «ለቀጄላ ብዬ የያዝኩት ነው። እሱ ለጊዜው አይደውልም። ሙዪው።»

ፀደንያ አንዱን ካርድ ፍቃ ሞላች። ቁጥሩን አንድ ጊዜ ጀምራ አጠፋች። አዴ ድንቅቱ ጉልበቷን በጣታቸው ነካ አደረጉ። እንደገና ጀመረች። ስልኩ ራቅ ብሎ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያም አንድ ሻካራ፣ ትንሽ ያረጀ የሴት ድምፅ አነሣ። ፀደንያ ፊዮናን ወጣት አድርጋ ነበር የምታስባት።

«እኔ ነኝ፣ ፀደንያ» አለች በእንግሊዝኛ።

«ፀደንያ! የኔዋ ፀደንያ? አምላኬ! እንዴት ነሽ?»

«ፋይን፣ ቴንክ ዩ» አለች ፀደንያ።

አዴ ድንቅቱ ክንዷን ያዙ። «ፋይን ምንድን ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

ፀደንያ ስልኩን ሸፈነች። «ደህና ነኝ ማለት ነው።»

«ደህና ነሽ እንዴ? አሁን በእኔ ላይ ስታለቅሺ የነበረው ማን ነው? ለሷ ደህና፣ ለኔ ለቅሶ! እንደገና በያት!»

«ሄሎ?» ትላለች ፊዮና። «ፀደንያ? አለሽ? ደህና ነሽ?»

ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። የመጣው በመስመሩ መቆራረጥና በአዴ ድንቅቱ ቁጣ ቢሆንም መጣ።

«አይደለሁም» አለች ፀደንያ። «ደህና አይደለሁም። ኢንተርኔት ከተቋረጠ አምስት ቀን ሆኖታል። መንገዱ ተዘግቷል። ሰኞ ተኩስ ነበር። ዝርዝሩ ከሰኞ ጀምሮ አልቆ ተቀምጧል፤ የምልክበት የለኝም። ያኔ ጉንፋን ያልኩሽም ጉንፋን አልነበረም። አንዱ ብቻ ነበር ጉንፋን።»

ፊዮና፣ እንደመናደድ ብላ፣ «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሰኞ ሰኞ ስጠይቅሽ አይደል የኖርኩት!» አለች።

ፀደንያ በሌላ ቀን ቢሆን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር።

«አንዴ ነው የምትጠይቂኝ» አለች። «እኛ ጋ አንዴ መጠየቅ ሰላምታ ነው። ቢያንስ ሁለቴ መጠየቅ ነበረብሽ። ኮርስ ከምትገዢልኝ።»

«ምን አልሽኝ?»

«ፍላጎቴ አልቀዘቀዘም አልኩሽ። የውሃ ማፍያው ነገር ሰልችቶኛል፤ እሱ እውነት ነው። እሱንማ አንድ ጊዜ ጽፈን ለሁሉም መላክ እንችል ነበር። ሥራውን ግን አልተውኩትም። እስካሁን እኮ...»

ስልኩ ተቋረጠ። ካርዱ አልቆ ነበር።

«ምን አለች?» አሉ አዴ ድንቅቱ።

«ለምን አልነገርሽኝም አለች።»

«አንቺስ?»

«ተቆጣኋት መሰለኝ።»

«ጎሽ።» አዴ ድንቅቱ ባዶውን ምሳ ዕቃ አንሥተው ክዳኑን ያለምክንያት ከፈት ገጠም ያደርጉ ጀመር። ሁለተኛው ካርድ ፀደንያ ጭን ላይ ነው። ልትፍቀው አነሣችው፤ ከዚያ ለማን እንደተገዛ ትዝ አላት። እሱ ለጊዜው አይደውልም። ምን ማለታቸው ነበር? ኦቦ ቀጄላን ከመቼ ወዲህ አይታቸዋለች? ያን ሁሉ ጠዋት ምሳ ዕቃው በአጠገቧ ሲያልፍ ስንት ጊዜ ጠየቀች? አንዴ፣ አንዴ ብቻ።

«አዴ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«ደህና፣ ገለታ ዋቃ።»

«ኦቦ ቀጄላስ?»

«ደህና ነው።»

«የት ናቸው ታዲያ?»

«ቡራዩ፣ እኅቱ ጋ።»

«ምሳ ዕቃውስ አዴ?»

አዴ ድንቅቱ ክዳኑን ገጥመው ያዙት። «ጣቢያ ወስደውታል» አሉ። «ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ስለ መሬቱ በስብሰባ ላይ ተናገረ ብለው። ምግቡን ይቀበሉኛል፤ እሱን ግን አላሳዩኝም። ዕቃው ባዶ ሆኖ ሲመለስ በላ ማለት ነው እላለሁ። ሌላ ሰው በልቶትም ሊሆን ይችላል፤ በምን አውቃለሁ?»

ስምንት ቀን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በመስኮት እየተያዩ፣ እሷ በፊዮና ስትበግን፣ እሳቸው በዚያው እግራቸው የሥራ ወረቀት አምጥተውላታል። እጇን ዘርግታ ምሳ ዕቃውን ከእጃቸው ወሰደችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ስልኳ ጠራ። ቁጥሩ የፊዮና ነው። ፀደንያ አነሣችና ፊዮና ሳትናገር፣ «ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብትደውዪልኝ?» አለች። «አሁን ከሰው ጋር ነኝ።»

ፊዮና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለች፣ ደህና መሆኗን ሁለቴ ጠየቀቻት፣ ፀደንያም አሥራ ዘጠኙን ስም ከነክፍላቸው ፊደል በፊደል አነበበችላት፤ ሥራዋ አልተቋረጠም። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ቤት ትታ ከአዴ ድንቅቱ ጋር ምሳ ዕቃውን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ፤ በር ላይ ያለው ጠባቂ ምግቡን ተቀበላቸው፤ ኦቦ ቀጄላን ግን በዚያም ቀን አላዩአቸውም።